አንቺስ?

ማክሰኞ ማታ፣ ኤድመንተን፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ነጭ ቫን ቆማለች፣ ሞተሯ ሳይጠፋ፣ መጋረጃ ተከናንባ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ፤ ትንፋሽ ጢም ላይ ይደርቃል፤
የመጣው ሰው ሁሉ ከማንኳኳቱ በፊት ቫኗን ሁለቴ ይዞራል።

ዴልፊን፣ የክሪ ሴት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ካልሲ ታድላለች፤
በካልሲው ጣት በኩል ኮንዶም ትከታለች።
«አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይጣላል፤ እንዳታቀያይሩ!»
ትስቃለች። ሰዎቹም ይስቃሉ፣ እያፈሩ።

ማሪሴል ነርሷ ጓንት ታጠልቃለች።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ።
ስሜ የሺ ነው፤ ሥራዬም እንደ ስሜ፦
የሺህ ሰው «እኔ» እዞራለሁ ተሸክሜ።
ሕጉ ነው። ሰው «ፈራሁ» ሲል «ፈርቷል» አልልም፣
«ፈራሁ» እላለሁ። «ከሁለት ሴት ጋር ነበርኩ» ሲል፣
ነበርኩ እላለሁ፣ ዓይኔን ሳልሰብር።
የከባድ መኪና ሾፌር በኔ አፍ ተናዟል፤
አልጋ አንጣፊዋ በኔ አፍ አልቅሳለች፣
እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ደመወዜ አይፈቅድም።

ቃል ላይ ነው የምቸገረው።
«አባላዘር» የሬዲዮ ቃል ነው፣ ከረባት ያሰረ፣
በሰው ገላ አልፎ የማያውቅ፣ ቢሮ ውስጥ ያደረ።
«ቂጥኝ» ደግሞ ስድብ ነው፣ ሰፈር ያሳደገው፣
ጎረቤት ለጎረቤት ከአጥር ማዶ የሚወረውረው።
በሁለቱ መሀል በሽታው አለ፣ ቃል ግን የለውም፤
ቃል ያጣ ነገር ደግሞ ወደ ቫን አይመጣም።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦
«ደምህ ውስጥ፣ ሳያምህ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሊኖር ይችላል።
ካለ፣ በመርፌ ይወጣል።»
«በሽታውን የደበቀ» የሚለውን ተረት አልጠቅስም፤
እሱን ሁሉም ያውቃል፤
አውቆም ይደብቃል።

ጣት። መርፌ። አንዲት ጠብታ። ስልሳ ሰከንድ።
አንድ ሽማግሌ በሠላሳው ላይ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።
የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። ተረጎምኩት።
ማሪሴል ከሰዓቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣
«እዚህ ውስጥ የማንም ልጅ አይደለችም፣ በያቸው» አለች።
በስልሳው ላይ ነጥቡ ሁለት ሆነ።
ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤
መርፌው ያም እንደሆነ ጠየቁ። «ያማል» አልኳቸው። ያማል።

ዛሬ የመጨረሻው ልጅ ወጣ። የሱ ነጥብ አንድ ብቻ ነበር፤
ደረጃውን እያፏጨ ወረደ።
እንግሊዝኛ አንተንና አንቺን አይለይም፤
ሁሌ እኔ ነኝ የምመርጥለት።
ማሪሴል ቆሻሻውን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ አንድ ነገር ጠየቀች፤
አፌ ልማዱን አደረገ፦
«አንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመርከው መቼ ነው?»
አልኩ፣
ለባዶው ወንበር።

ወንበሩ ዝም አለ።
ያኔ ገባኝ፤ «አንተ» አልነበረም።

ባሌ ፎርት ማክመሪ ነው የሚሠራው፦
ሃያ ቀን እዚያ፣ ስምንት ቀን እዚህ።
ስለ ሃያው ጠይቄው አላውቅም፤
በስምንቱ ደግሞ እንቅልፍ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ነው፣ ኳስ ነው።
የሺህ ሰው «ፈራሁ» በአፌ አለፈ፣ ሳይቆርጠኝ፤
የራሴ አንዱ መጣና አነቀኝ።

«ደንበኛዋ ምን አለች?» አለች ማሪሴል፣ ቀስ ብላ።
«ፈርታለች» አልኩ።
በአራት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሕጉን አፈረስኩ።
ማሪሴል አልገሠጸችኝም።
አዲስ ጓንት አወጣች፣ ወንበሩን በእግሯ ገፋችልኝ።

በሩ ተከፈተ፤ ብርዱና ዴልፊን እኩል ገቡ።
«እንዝጋ? ስንት ሰው ቀረ?»
ጣቴን ዘርግቼ ነበር።
«አንድ» አልኩ፣
እኔ፣ የሺ።