ሦስት ሜትር ተኩል

ከአዘዞ ስትወርዱ፣ ድልድዩን ስታልፉ፣
የጎማ ክምር አለ፣ ካስፋልቱ ከጫፉ፤
«ማንደፍሮ ጎሚስታ» የሚል፣ በኖራ ተጽፎ፣
ግማሹን ፊደል ግን ሲኖትራክ ወሰደው ታክኮት አልፎ።

ሃያ ሁለት ዓመት ኖርሁ፣ አስፋልቱን ተደግፌ፣
ጠርዙ ጎማ ሲበላ፣ የበላውን ለጥፌ።
ከመተማ ሰሊጥ የጫነ፣ ከወረታ ሩዝ ያመጣ፣
ሁሉም እኔ በር ላይ ነው ንፋሱ የሚወጣ።
ሁለት ከባድ ከተገናኙ፣ አንዱ ጎማውን ቦይ ይከታል፤
የእኔም የቀን እንጀራ ከዚያው ቦይ ውስጥ ይወጣል።
እውነት ለመናገር ልጆቼን ያሳደገው፣
ያ ተቦርቡሮ የቀረ ጠርዝ ነው፣ ማንም ያልጠገነው።
ጸሎቴም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሲመሽ ስገባ ከጓዳ፣
«ጌታዬ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ነገ አንድ ጎማ ይፈንዳ።»

ግን ደግሞ ቀን አለ፣
መጀመሪያ ጥሩምባ፣
ቀጥሎ ዝምታ፣
ቀጥሎ አቧራው ተነስቶ እቤቴ ድረስ ሲገባ።
ክሪኬን ጥዬ ስሮጥ፣ እንጉዳይ ትቀድመኛለች፣
ነጠላዋን ካንገቷ እየፈታች ትደርሳለች፣
የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ ታለብሳለች።
አንዱ ከጠዳ ሲመለስ ነው፤ ጫማው ገና አዲስ።
አንዷ ዶሮ ይዛ ለገበያ፤ ዶሮዋ ተረፈች። ለማን ትመለስ?
ስንት ነጠላ ሄደ? አልቆጠረችም እሷ፤
እኔ ቆጥሬያለሁ። ዐሥራ አንድ።
ዐሥራ ሁለተኛው ለራሷ።

አምና ጥቅምት ነበር። አክርማ ታቅፋ፣ ከማዶ ወደኛ ስትመጣ፣
ላውቶቡስ ልልቀቅ ያለ ባጃጅ፣ ከእሷ በቀር መሄጃ አጣ።
ሹፌሩ፣ የእማማ ብርሬ ልጅ፣ ዛሬም ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል፤
ምን ልበለው? ለሁለት የማይበቃ መንገድ፣ ሦስተኛውን ይገፋል።

እንጉዳይ ሰፊ ነበረች። ሰፌድ፣ አገልግል፣ ሌማት።
ሆዷም ሰፊ፤ ነገር የማይጠብባት።
መንገዱን ብቻ
ሳትሰፋው ሄደች።

ዘንድሮ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሦስት እግር ያለው መነጽር ተክላ፣
መጣች ኢንጂነር ዘቢደር፣ ገመዷን በክንዷ ጠቅልላ።
«ሦስት ሜትር ተኩል በዚህ፣» አለች፣ ግድግዳዬን ቀይ እየቀባች፤
ሱቄን፣ ጌሾውን፣ እንጉዳይ የምትሰፋበትን ድንጋይ፣ ባንድ መስመር አስገባች።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አቶ ጫኔ ተነሣ፦
«መንገድ ሲሰፋ የሹፌር እግር ይከብዳል፤
ዛሬ በፍርሃት የሚያልፈን፣ ነገ እንደ ንፋስ ይነዳል!»
ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ወረቀት ዘርግታ አሳየች፣
«ይህ ለመኪና፣ ይህ ለእግረኛ፣ ይህችም ላህያ፣» እያለች፤
«እዚህ ጉብታ ይኖራል፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፤
መታጠፊያውም ይቃናል፣ የሚመጣው እንዲታይ።»
ከዚያ የካሳው ጥያቄ፣ የጌሾው፣ የባሕር ዛፉ ዋጋ፤
እኔ አንድ ነገር ነበረኝ፣ ከምላሴ ሥር የረጋ።
ሰው ሲበተን ጠየቅኋት፦
«ልጄ፣ አምና የት ነበራችሁ?»
እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች። መልስ አልሰጠችኝም።
ደግ አደረገች። ብትመልስ ኖሮ፣ አልምራትም።

እሑድ ሱቄን ራሴ አፈረስሁ፣ ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን ለቅሜ፤
ለዶዘሩ አልተውሁለትም፤ ያቆምሁት እኔ ነኝ በአቅሜ።
ድንጋይዋን ብቻ ለዘቢደር ሰጠሁ፦ «ይህን ካልፈጨሽው፣
እግረኛው ከሚሄድበት፣ ከጠርዙ ሥር ቅበሪው።»

ከማክሰኚት መግቢያ ላይ አንዲት ደሳሳ ተከራየሁ፤
ደህና አስፋልት ላይ ጎማ ይፈነዳ እንደሆን፣ እንጃ። አያለሁ።
ጸሎቴ ግን አጠረች፤ ሲመሽ ስገባ ከጓዳ፣
ጎማውን ተውሁት፤
«ጌታዬ፣ ሰው ሳይጎዳ...»