ሾላ በድፍን

ከማዘጋጃ ቤት፣ መጋቢት ሲያበቃ፣
አንድ ችግኝ መጣ፣ ከእንቅልፉ ያልነቃ፤
አንገቱ ላይ ታስሮ ቢጫ ወረቀት፣
«ሲካሞር» ይላል ስሙ፤ «አሥር ጋሎን ውሃ፣ በየሳምንት»።

መዝገበ ቃላቴን ገልጬ ፈለግሁት፤ «ሾላ» ይላል።
ሾላማ ከሆነ፣ አልኩ፣ ፍሬው ይበላል።
ዘኬዎስ በቁመቱ አፍሮ የወጣው እሱ ላይ አይደለም?
ኤልዳናም ገና አራት ዓመቷ፣ ከአጥር ወዲያ አላየች ዓለም።

ጎረቤቴ ሃርላን፣ አርባ ዓመት ቧንቧ የጠገነ፣
አጥሩን ተደግፎ እንደ ሐኪም ችግኙን መዘነ፤
«በለስ አትጠብቅ» አለኝ፤ «የሚሰጥህ ቅጠል ነው፣
ቅርፊት ነው፣ የሚያስነጥስ ብናኝ ነው፤
ሥሩ ደግሞ አንድ ቀን ቧንቧህን ይጎበኛል።»
እውነት ተናጋሪ ጎረቤት፣ አልኩ በልቤ፣ ከደላላ ይሻለኛል።

ቆፈርኩ። ጉድጓዱን አሰፋሁ፣ ጥልቀቱን ቀነስኩ፤
የሠፈራችን አፈር ሸክላ ነው፤ አካፋዬን ነከሰ፣ እኔም ጥርሴን ነከስኩ።
«አንገቱን አትቅበርበት» አለ ሃርላን፣ «አየር ይፈልጋል፤
ጉዝጓዙም ግንዱን አይንካው፤ ካፈንከው ይሻግታል።»

የወንዝ ዳር ልጅ ነው። እናት አባቶቹ ኦለንታንጂን ተከትለው፣
እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ነጭ ሆነው የቆሙት ናቸው።
እሱን ግን ኮሎምበስ መሀል፣ አስፋልት ዳር አመጣነው።
ስለዚህ ወንዙን በባልዲ እኔ ተሸከምኩለት፤
ከመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ አንድ፣ ሁለት፣
ቀስ አድርጌ አፈሰስኩለት።

በሁለተኛው ግንቦት፣ ዝናብና ብርድ በሰነበተበት፣
ቅጠሉ ሳይዘረጋ ጠቆረ፣ እሳት እንደ ነካው ወረቀት፤
ረገፈ። ቅርንጫፉ ባዶውን ቀረ።
መጋዝ ይዤ ወጣሁ። ሃርላን ከአጥሩ ማዶ
«ሰኔን ጠብቀው» ብቻ ብሎ ዞረ።
መጋዙን መልሼ ሰቀልኩ።
ሰኔ መጣ። ቅጠሉ የኤልዳናን መዳፍ አከለ፤
በሐምሌ የኔን፤ በነሐሴ ሰሃን አከለ።

በስድስተኛው ዓመት ቅርፊቱ ተላጠ፣
እንደ አሮጌ ቀለም እየተቀረፈ ከግንዱ አመለጠ።
ኤልዳና ሮጣ ገባች፤ የቁስል ፕላስተር ይዛ ወጣች፤
አራት ቦታ ለጠፈችለት፣ በመጨረሻው ላይ ስሟን ጻፈች።
ሃርላን ሳቀ፣ ግን ፕላስተሩን አልነካም።
«አልታመመም» አላት። «የሱ ቆዳ እንዳንቺ አይለጠጥም፤
ሰውነቱ ሲሰፋ ሸሚዙ ይቀደዳል።»
ከሥር የወጣው ገላ ነጭ ነበር፣ ትንሽ አረንጓዴ ያለበት፣
ጣት ሲያርፍበት የሚያፍር ይመስል።

ከዚያ ጎረመሰ አልኩ፤ ባልዲውን ጋራዥ ውስጥ ደፋሁት።
ሁለት ደረቅ በጋ አለፈ፤ እኔም ረሳሁት።
አንድ እሑድ ጠዋት የምድር ቤታችን ወለል በውሃ ተሞላ።
ሃርላን የሚያመውን ጉልበቱን እየጎተተ ወረደ፤
መሣሪያውን አዞረ፣ ሳበ፣
የሥር ጉንጉን አወጣ፣ እንደ ሽበት ነጭ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ፤
መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና
«ብዬህ ነበር» አላለም።
«ጠምቶት ነው» አለ።
በዚያው ማታ ባልዲውን ፈለግሁ።

ጥላው እንደሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የኛ አይደለም፤
አጥር ዘሎ ሃርላን በረንዳ ላይ ይተኛል።
ሽማግሌው ወንበሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስጠጋለታል፤
የቧንቧውን ሒሳብ ስጠይቀው «በጥላ ተከፍሎኛል» ይለኛል።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብልብል ፍሬ አንጠለጠለ፣
ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶ እየወረደበት፣ ከቅርንጫፉ ሳይነቀል።
ኤልዳና፣ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ አንዱን ይዛ መጣች፤
«ሾላ ነው ብለህ አልነበር?» አለች።
ሾላ በድፍን ነው፣ አልኳት።
በረንዳው ላይ በሁለት ጣቷ ጨመቀችው።
ትል የለውም። ሥጋም የለውም።
ሺህ ዘር፣ እያንዳንዱ በቡናማ ፀጉሩ ነፋስ ይዞ፣
አጥሩን ተሻገረ።
ከማዶ፣ ከወንበሩ ላይ፣ ሃርላን አነጠሰ።
«ይማርህ!» ብላ ጮኸች።
«ያኑርሽ!» አላት፣ እሷው እንዳስተማረችው።