ትኬት ያልቆረጡ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ ስዘዋወር፣
ትኬት ስበሳ፣ ትኬት ስቆጥር፣
ከሽንሌ እስከ አይሻ፣ ከኤረር እስከ አዋሽ፣
እኔ ነበርኩ ጠያቂ፣ እኔ ነበርኩ ፈታሽ።
ተደብቆ ተሳፍሮ ወንበር ስር የሚተኛ፣
ጣራ ላይ ተለጥፎ የሚመጣ መንገደኛ፣
በትንፋሹ እለየው ነበር።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ቤቴ ከዚራ፣
ባቡር ከማያልፍበት ሐዲድ አጠገብ፣ ከኒሙ ጋራ።
ታይዋን ገበያ የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር
ሌሊቱን ያቃስታል፣ ዳገት እንደያዘ ሞተር።
«ሙቀት ነው» አልኩ መጀመሪያ፤ የድሬ ግንቦት፤
ማራገቢያዬን፣ እኔ እያላበኝ፣ ለሱ አዞርኩለት።

አንድ ማታ ለጉልበት ሕመም መድኃኒቱን ጠየቅሁ፤
ከዚያ ወዲያ ዜና ብከፍት ጉልበት፣ ኳስ ብከፍት ጉልበት፤ አለቅሁ!
የአየር ጠባይ ልይ ብዬ የሰው ጉልበት ሲሸጥ አየሁ።

ኮምፒውተር የምትማረው ነጅዋ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ መጣች፤
ሰንደል ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤
(ድሬ ላይ አንቱ የለም) «አባ ኮንትሮል፣ ቤትህ ውስጥ ሰው አለ» አለች።

ዝርዝሩን ከፈተችው። ተሳፋሪው በዛ!
ስሙን የማላውቀው፣ ያልጋበዝኩት፣ ትኬት ያልገዛ፤
አንዱ ከነጻ ዘፈን ጋር፣ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ፣
አንዱ «ላጽዳልህ» እያለ፣ መጥረጊያ ጨብጦ፣ ስቆ፣
አንዱ ደግሞ ጨዋ መስሎ፣ ከራቫቱን አጥብቆ።

«ይሄኛው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«የምትመታትን ፊደል ይለቅማል፣ ከመሸ እስኪነጋ፤
ቆጥሮ ለጌቶቹ ይልካል።»
ስሙ ቁጥር ነው፤ ፊት የለውም፤ ከትከሻዬ የተጠጋ።

«ኩኪስም አለ» አለች። እኔ የማውቀው ኩኪስ
ሻይ ውስጥ ነክረው ካልጎረሱት ጥርስ የሚያስለቅስ።
ይሄኛው ግን ፍርፋሪ ነው፤ በሄድኩበት የሚንጠባጠብ፣
ከኋላዬ የመጣ ለቃሚ መንገዴን የሚያነብ፤
ልክ መጋላ የጫማ ዋጋ ጠይቄ፣ ሳልገዛ ብመለስ፣
ነጋዴው ጫማውን አንጠልጥሎ እንደመከተል፣ አልጋዬ ድረስ።

ገመዱን ንቀይ አልኳት፤ ባቡር ሳይቆም ፍተሻ የለም።
ያልታወቀውን ሁሉ አወረድን። ሦስቱ ግን «አንወርድም»
ብለው፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ተመልሰው ቁጭ! ምንም
እንዳልሆኑ ሆነው።
ነጅዋ ሳቀች፤ ማሽኑን በግማሽ እንቅልፉ ቀሰቀሰች፣
ጓደኞቻቸው ሳይነቁ አንገታቸውን ይዛ አወጣች።

ኩኪሱንስ? «ሁሉን ጥረጊ» አልኩ። «ተው፣ ሁሉ ከተጠረገማ
ባንኩም ‹ማነህ?› ይልሃል፤ ፖስታህም ስምህን አይሰማ።
የጋበዝከው ይቆይ፤ እሱ ያስከተለውን ሦስተኛ ሰው ዝጋበት፤
ማታ ስትዘጋው ደግሞ ፍርፋሪው ይራገፍበት።»

ይህን ሕግ አውቀዋለሁ። አንዲት ነበረች፣ ዳሃቦ ሮብሌ፣
ሰባት ቀሚስ ደርባ የምትሳፈር ከደወሌ፤
በየእጥፉ ስኳር ነው። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ፤
ሁሉን ያወረደ ፈታሽ ባዶ ፉርጎ ይነዳል፤ አውቃለሁ።

ማታ ብቻዬን ስቀር ግን ያ ለቃሚ ትዝ አለኝ።
በየሌሊቱ የምጽፈው አለ፤ የማልልከው፤ ማንም ያላነበበልኝ፤
ለማኪኒስቱ ለጉሌድ፣ አፈር ከገባ ስድስት ዓመቱ፦
«ዴቻቱ ደርቋል፤ በፉርጓችን ፍየል ታድራለች፤ ከሁሉ የናፈቀኝ ፉጨቱ…»
ፊደል በፊደል የሰማኝ፣ ስሰርዝ እንኳ የቆጠረ፣
እስከ ነጥቡ የተከተለኝ፣ እሱ ብቻ ነበረ።
የት አገር ተቀምጦ ይሆን? ስለ ፉርጎና ስለ ፍየል
ሲያነብ ያደረው፣ የይለፍ ቃል ሲፈልግ ሐዘን ያገኘው፣ ምን ይል?

የይለፍ ቃሌን ለወጥኩ። (አሮጌው የዳሃቦ ስም ነበር፤ አትንገሩ።)
ማራገቢያው ወደኔ ዞሯል፤ ማሽኑ አያቃስትም፤ ዝም ብሏል መንደሩ።
«ጉሌድ፣ ዛሬ ሰው አወረድን» ብዬ ጀመርኩት፤
የሚሰማ ስላልነበረ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።