ሌላ ሚስማር

ባቱሚ፣ ምድር ቤት፣ ዝገት ዝገት ሲሸት፣
ስድስት ወር ገፋን፣ እኔና ኦቲያ፣ ያንኑ አንድ ብረት።
ባቄላው ከአንድ ድስት፣
ዳቦው እኩል ለሁለት።

እሱ ብረት ገና ሲያይ፣ ደረቱ ይሰፋል፤
እኔ ስገፋ እውላለሁ፣ ላቤ ብቻ ይተርፋል።
ደግሞ ዳቦ ቢያሸት እንኳ ቦርጩ ይቀድመዋል፤
እኔ ቅቤ ብውጥ፣ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል።

አሠልጣኙ ጉራም የእጄን አንጓ ለካ፣
በሁለት ጣቱ ከቦ፦ «ይሄ የእናትህ ነው ለካ!»

ማታ የአባታችን ካፖርት ከሚስማሩ ወረደ፤
ኦቲያ ላይ፣ በልኩ እንደተሰፋ፣ ሰተት ብሎ ሄደ፤
እኔ ላይ ሲደርስ ግን
ሌላ ሚስማር ለመደ።

ዘር ከልጓም ይስባል አሉ፤ ይሳብ፣ አልከለክለው።
ትናንት ሃያ ነበር፤ ነገ ሃያ አንድ ኪሎ፣
በእናቴ አንጓ እስቲ ልሞክረው።