የጃንጥላ አጥንት

ሦስት ዓመት ጠረግሁ የሸዋበርን መንገድ፣
ጉሙ ከጦሳ ላይ ተንከባሎ ሲወርድ፤
ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ያለቀ መጥረጊያ ይዤ፣
ወር በወር ፊርማ ልፈርም፣ በሰልፍ መሐል ደንዝዤ፤
«ሉባባ እንድሪስ!» ሲሉ «አቤት!» ብዬ ነው የጀመርሁት ሥራዬን፣
ከመጥረጊያው ይልቅ ያ «አቤት» ነው ያጎበጠው ትከሻዬን።

አልዋሽም ግን፤ አበላኝ።
ሐያትን ትምህርት ቤት አስገባልኝ፣ ከኪራይ ዕዳም አወጣኝ።
የሰው እጅ አይናቅም፣ በክፉ ቀን የያዘኝ፤
ብቻ የሰው እጅ ነው፣ አንድ ቀን ይሰበሰባል፣
የተደገፈ ግድግዳ ስለ ምሰሶው ያስባል።

አንደኛው ዓመት ሙሉ፣ በሁለተኛው ጎደለ፣
በሦስተኛው ክፍያው እንደ ሐምሌ ጀምበር ብቅ ብሎ ጥልቅ አለ።
«ትመረቃላችሁ» አሉን፣ በወረዳው አዳራሽ ሰብስበው፤
እኔ የማውቀው ምርቃት «አሚን» የሚባልበትን ነው።
ዘሃራ ጎሸም አደረገችኝ፦ «ጥቁር ካባ ይሰጡን ይሆን?»
ሳቅን።
ሳቃችን ቶሎ አለቀ፤ «ከእንግዲህ ወዲያስ?» ሆነ ቀሪው ቀን።

የሥራ ዕቅድ ሙሉ ተባልን፣ አንድ ገጽ፣ አራት ጥያቄ፤
«ዶሮ» ብላ ጻፈች ዘሃራ፣ «በግ ማደለብ» አለች ብርቄ።
እኔ ወረቀቱን ይዤ፣ ከዝናብ ፒያሳ በረንዳ ስጠለል፣
ጃንጥላ ጠጋኙ አያ ደምሌ፣ መርፌው ክር አልቀበል ብሎት ሲታገል።
ዓይኑ ደክሟል። ተቀበልሁት፤ አሾለክሁለት።
በሳምንቱ ስብራቱን በፒንሳ ያዝሁለት፣
በወሩ እሱ ተቀምጦ እኔ ሰፋሁለት።
«ጨርቁን ተይው» አለኝ፤ «ጨርቅ ማንም ይጠግናል፣
አጥንቱን ዳብሺ፤ የአዝዋ ነፋስ መጀመሪያ እሱን ያገኛል።»

ያንኑ ጻፍሁ። የወረዳው ልጅ አንብቦ ዓይኑን አነሳ፦
«እና የገበያ ጥናቱስ?»
በመስኮቱ ጣቴን ቀሰርሁ ወደ ጦሳ፤
ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል።
ፈረመ። ሌላ ነገር አላነሳ።

ድሮ ሰማይ ሲያጉረመርም የቆርቆሮዬ ቀዳዳ ነበር ጭንቄ፣
ያን ክረምት ደመና ባየሁ ቁጥር ሳቅሁ፣ ከጎረቤት ተደብቄ።
ሰው እህሉን ሊያሰጣ «ያ ረቢ፣ ፀሐይ!» ሲል፣
እኔ በልቤ «ኧረ ትንሽ፣ ኧረ እስከ ማታ!» ስል፤
ሁለት ዱዓ በአንድ ሰማይ፣ አላህ እንዴት አድርጎ ይክፈል?

አንድ ቀን ስም ጠሪያችን መጣ፣ ሦስት አጥንቷ የተሰበረ ይዞ።
«ሉባባ እንድሪስ!» አለኝ፣ በልማዱ፣ ድምፁ ወዝቶ፣ ደንዝዞ።
አፌ «አቤት» ሊል ከፈት አለ፤
ክሩን በጥርሴ በጠስሁና፦
«አርባ ብር፤ ነገ ና።»
በዝናቡ ሲሄድ አየሁት፣ በመዝገቡ አናቱን ከልሎ፤
አሳዘነኝ፤ የኔን አዋስሁት። ወሰዳት፣ ምንም ሳይል፣ ቶሎ።

ከዚያ ጥር ገባ። ሰማዩ የታጠበ ሳህን፤
ክሩ አለ፣ እጁ አለ፣ ስብራት የለም ለመጠገን።
ዕቁብ ሰብሳቢዋ በር ስታንኳኳ ትንፋሼን ውጬ ዝም አልሁ፣
ሐያት አየችኝ። አፈርሁ።
ወጥቼ ግማሹን ከፈልሁ።
ሌሊት ያ ስም ጥሪ በሕልሜ መጣ፤ «አቤት» አልሁ።

ዘሃራ ናት የነገረችኝ፣ ዶሮዎቿ በበሽታ አልቀው፣
ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ሻይ ልትሸጥ የወረደችው፦
«እዚህ እኮ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሴቱ ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ነው የሚሄድ፤
ደሴ ለዝናብ፣ ኮምቦልቻ ለሐሩር፤ አንድ አጥንት፣ ሁለት መንገድ።»

ይኸው ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሐረጎን እጥፍ እጥፍ እያልን፣
ጉሙ ከላይ ቀርቶ፣ ሙቀቱ ከታች ሲቀበለን፣
ፒንሳና ሽቦዬ በፌስታል ጉልበቴ ላይ፤ ዛሬ ስንት እንደሚመጣ አላውቅም።
ረዳቱ «እናት፣ ሂሳብ» አለኝ። ሰጠሁት።
መልሱን ቆጥሬ ተቀበልሁ፣
ስሜ ሳይጠራ፣ ሳልፈርም።