ደረሰ ወይ?

አራት ክረምት ሙሉ፣ ከሌሊት ፈረቃ
ስወጣ ሲነጋጋ፣ ላይፕሲግ ሳትነቃ፣
በሦስት ቁጥር ትራም፣ የኋላው ወንበር ላይ
ጻፍሁ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛ፣ የመስኮት ጉም ሰማይ።
ሌሊት የሰው ጥቅል በቀበቶ ሲፈስ
በየአድራሻው ስለይ፣ የቡዳፔስት፣ የፓሪስ፣
ቀን የራሴን ጥቅል ገጽ በገጽ ሳለብስ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት ሲሞላ፣ «ደረሰ!»
አልኩ፤ ልቤ በባዶ ሆዱ ለአንድ ቀን ነገሠ።

አሥራ ሁለት ፖስታ፣ ለአሥራ ሁለት ወኪል፣
(አብዛኞቹ በርሊን፣ አንዱ ሙኒክ፣ አንዱ ኪል)
አሥራ ሁለት ጊዜ «የተከበሩ» ስል፣
ማሸጊያውን ልልስ ምላሴ ሲንጠለጠል፣
በሩን አንኳኳች ጎረቤቴ ሂልትሩድ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ጀርባዋ እንደ ማጭድ፣
ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ከማተሚያው ሥር
ስህተት የለቀመች፣ እንደ ምስር ጠጠር።
«መጀመሪያ ለኔ» አለች። እምቢ አላልኩም።
ፖስታውም አልታሸገ፣ እኔም አልተኛሁም።

ስድስት ሳምንት ዝም። ደረጃው ላይ ስንተላለፍ
ስለ ዝናብ ታወራለች፣ ስለ ድመቷ ጠጉር መርገፍ።
እሷ ገጼን በቤቷ፣ እኔ ገጿን በደረጃ፣
እንዲያው ስንነባበብ፣ ያለ መልስ፣ ያለ ማስረጃ።

ሰኔ እሑድ ጓሮዋ ጠራችኝ፣ ከሃዲዱ ማዶ፤
መዳፍ የምታህል መሬት፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጣሳ ባዶ።
ጽሑፌ ሳሩ ላይ ነው፤ ድንጋይ ተጭኖበታል፤
ከገጽ አንድ እስከ አርባ ሰያፍ መስመር አልፎበታል፣
በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣ እንደ ሸክላ ስንጥቅ።
«ታሪክህ» አለች፣ «ከአርባ አንደኛው ነው የሚፈልቅ።
እስከዚያ ያለው አንተ ነህ፣ ጉሮሮህን ስትጠርግ።
ደግሞ አጎትየው ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ ምን ይደረግ?»

ተነሣሁ። በካናሉ ዳር ዳር በቁጣ ሄድኩ፤
ለዳክዬዎቹ አርባውን ገጽ በቃሌ አነበነብኩ።
አንዷም አልዞረችም።

በዚያው ሌሊት፣ ሥራ ላይ፣ ቀበቶው ሲንቀሳቀስ
አንድ ካርቶን መጣ፣ ሆዱ ተነፍቶ የሚያለቅስ፤
የላኪው ስስት አፈንድቶታል፤ ካልሲ፣ መጽሐፍ፣ ሻማ፤
አድራሻው ተቀዷል፤ የት ይድረስ? በየትኛው ከተማ?
ቴፕ አንሥቼ ላሽገው ስል፣ እጄ አየር ላይ ቀረ፤
ጽሕፈቱን አወቅሁት መሰለኝ። የኔን ይመስል ነበረ።

በነጋታው ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ፤
የቀይ ሥሯን አረም ሳትለምነኝ ነቀልሁ።
«በእኛ ቋንቋ» አልኳት፣ «ያንቺ ሙያና ይህ ሥራ
ግሱ አንድ ነው፤ ማረም። አራሚም አንድ ነው፣ ሲጠራ።»
ሳቀች። «ታዲያ» አለች፣ «ለምን ተቆጣህ ያን ዕለት?»
ከቀይ ሥሩም፣ ከደኅናው፣ ነቀለች ሁለት ሦስት።
«ይህ አረም አይደለም!» ብል፣ «አዎ፣ አይደለም» አለችኝ፤
«ግን ተጨናንቋል።» ጨቅላውን ሥር መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

አርባው ገጽ ወጣ። አጎት አንዴ ሞተ፤ በደንብ ሞተ።
«እንደ» የምትለው ሱሴ ከመቶ ገጽ ተጎተተ።
(ሥሯ እዚህ ግጥም ውስጥ ደግሞ ተመልሶ ተከሰተ።)
አንድ ገጽ ብቻ፣ ሁለት መቶ ሦስት፣ «ይውጣ» ያለችውን፣
እናቲቱ በሱቅ ደጅ ቆማ ስትቆጥር ሳንቲሟን፣
አላወጣሁም። መልሼ ሰጠኋት፤ እንደገና አየች፤
ላጲስ ከኪሷ አውጥታ የራሷን መስመር ፋቀች።

አሁን ኅዳር ነው። ከአሥራ ሁለቱ ፖስታ
ዘጠኙን ቀደድኩ፤ ለማይሹኝ ሰዎች ነበር ያ ሁሉ ሰላምታ።
እኅቴ ደውላ «ያ ነገር ደረሰ ወይ?» ትላለች፤
ደብዳቤውን ይሁን አዝመራውን፣ ሳትለይልኝ ትስቃለች።
ከታች ሂልትሩድ ትታየኛለች፣ በአመዳዩ መሃል፣
ከረጢት ቀይ ሥር አንጠልጥላ።
«ገና» እላለሁ፤ «አንድ ንባብ ይቀረዋል።»