ከዚህ በስተቀር

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሱቁን ቆልፌ፣
ከሶማሌ ተራ ወዲህ በሰው መሀል ተጋፍቼ፣ ተሰልፌ፣
የኩሽኔታው ግራሶ ከጥፍሬ ሥር ሳይለቅ፣
ሰንጋ ተራ እደርሳለሁ፤ ኮሜርስ በር፣ ትንፋሼ ሊያልቅ።

ሁለተኛ ዲግሪ፣ የማታ። ሒሳብ አያያዝ።
በሠላሳ ስድስት ዓመት እንደገና ደብተር መያዝ።
እናቴ «ምን ሊጨምርልሽ?» ትላለች፤
«ገንዘብ መቁጠር እንደሁ ጉልት ቸርቻሪም ትችላለች።»
እኔ ግን ማኅተሜ ያረፈበት ወረቀት
ባንክ ቤት ሲደርስ ሰው እንዲቆምለት
ነው የምፈልገው። አልነገርኳትም።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ነን፤ ሃያ ሦስት ዓይነት እንቅልፍ፤
ከገቢዎች የመጣ፣ ከባንክ የመጣ፣
ልጇን የምታጠባ፣ ከመጨረሻው ረድፍ።
መብራት ሲሄድ በስልክ ብርሃን እንቀጥላለን፤
የመኪናን እርጅና ለዓመታቱ እናካፍላለን፤
የኛን ማን ያስላልን?

መምህር ሱራፌል ዝግ ብሎ ይናገራል፤
«ዴቢት ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ፤ ይሄንንስ ሕፃን ይማራል።
እናንተ መጠርጠር ነው የምታጠኑት፣ በጨዋ ደንብ፣ ሳትሳደቡ፤
ደረሰኝ የሌለው ነገር አልነበረም፤ በቃ፤ መዝግቡ።»

ለኦዲት ኮርሱ ማሟያ ትንሽ ማኅበር ምረጡ ተባለ።
ምን ሩቅ ያስኬደኛል፣ የሰፈሬ እድር አለ፤
ከጎላ ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ድንኳን፣ መቶ አርባ ወንበር፣
ድስትና ጭልፋ በቁጥር፣
የአሥራ ሰባት ዓመት መዝገብ በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት፤
በጋሽ አንዳርጌ፣ ዕድሜያቸውን በፈጁት ፖስታ ቤት።
(መደመር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በቴምብር ቆጠራ፤
ከረሜላው ለተሳሳተውም ይደርስ ነበር፣ በተራ።)

ቅዳሜን ሙሉ ቆጠርኩ። እሑድንም።
ተደመረ፣ ተቀነሰ፤ አልገጠመም።
ዘጠኝ ሺ አራት መቶ ሠላሳ ብር ጎደለ።
ደግሜ ደመርኩ፣ ጣቴ እስኪዝል፣ ዓይኔ እየተንከባለለ፤
ጎደለ።

ከወጪው ዓምድ ዳር፣ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ያለ አንድ ቃል፦
«ለእንግዳ።»
በሦስት ወሩ፣ በዓመቱ፣ ደግሞ በማግሥቱ፣ «ለእንግዳ።»
ስም የለው፣ ፊርማ የለው፤ ደረሰኙ ባዶ ሜዳ።

መዝገቡን በፌስታል ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ፤
«ጋሼ፣ ይሄ እንግዳ ማነው?» አልኩና የገዛ ድምፄን ፈራሁ።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ስታዲየም ሥር የሚያድር ሊስትሮ ነበር፤ ክረምት ላይ ቀረ።
ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። በዓመቱ አንድ ዘበኛ ተጨመረ።
ከዚያ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ ከአራስ ልጇ ጋር።
እድርተኛ አይደሉም፤ ታዲያ ሬሳ ሜዳ ላይ ይደር?
አቡጀዲ ገዛሁ፣ ሣጥን፣ ለቆፋሪ የሻይ።
ሬሳ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ልጄ።
የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ እዪ።»

ሌሊቱን ላፕቶፔ ፊት ተቀመጥኩ፤ ውሻ ይጮኻል፤
መጽሐፉ አራት ዓይነት አስተያየት ይደረድራል።
ነቀፌታ የሌለበት ብል፣ ዋሸሁ።
ተቃራኒ ብል፣ ሽማግሌውን ያለ ድንኳን ቀበርኩ።
ሊነጋጋ ሲል እንዲህ ጻፍኩ፦
«በእኛ አስተያየት መዝገቡ በሁሉም ረገድ ትክክል ነው፣
ደረሰኝ ከሌላቸው ከአሥራ አንድ ሰዎች በስተቀር።»

ወጪዎች ማለት ነበረብኝ።
አየሁት። አላረምኩትም።

መምህር ሱራፌል በቀይ አሠመረበት፤
«ሰዎች? ወይስ ወጪዎች?» ብሎ ጻፈበት፤
ከሃያ አሥራ አምስት ሰጠኝ።

ጋሽ አንዳርጌ ደወሉ፤ ፈተናው የሳቸው ይመስል።
«ስንት አመጣሽ?»
«አሥራ አምስት።»
«አምስቱስ የት ሄደ?»
«ለእንግዳ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ስልኩ ውስጥ የታክሲ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።
ሰንጋ ተራ ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ቦርሳዬን ራሴ ላይ ደፍቼ እሮጣለሁ፤
የታክስ ትምህርት ሊጀመር ነው፤
ካልኩሌተሬን ደግሞ ሱቅ ረስቼዋለሁ።